መንገድ በመልቀቄ ስለተሸለምኩት ዋንጫ

ለክቡር የቴሌቪዥን ጣቢያችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሴቶችን እኩልነት ስላረጋገጥኩ የተሰጠኝን ዋንጫ መመለስን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ዕለት ሴቶች ወደ ላይ መውጣት እንዳለባቸው ተናግረው ካበቁ በኋላ እርስዎ ወደ ታች ሲወርዱ በመድረኩ ደረጃ ላይ ወለም ያለዎት ቁርጭምጭሚት ፈጽሞ እንደዳነ፣ ወይዘሮ ባለቤትዎና ልጆችዎም በደህና እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ተመስገን ነው፤ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ ሰው ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ። ኀፍረት በሐኪም የሚረጋገጥ በሽታ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ደብዳቤ ትቼ የሕመም ፈቃድ እጠይቅዎ ነበር።

እኔ በጣቢያችን የድራማ ክፍል ረጅም ዘመን ያገለገልኩ ዳይሬክተር ነኝ። ባሏ ሲሞትባት የአውቶቡስ ጋራዡን ተረክባ ስለምትመራ ሴት የሚተርከው፣ ዘንድሮ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ያየው ተከታታይ ድራማ ሲጀምር «ዳይሬክተር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የሚወጣው ስም የእኔ ነው። ባለፈው ወር ደግሞ ጣቢያችን ለሴቶች እኩልነት ታላቅ አስተዋጽኦ ላደረገ ሰው ዋንጫ ለመስጠት ሴቶቹን ሁሉ አንድ በአንድ ሲያበጥር ቆይቶ በመጨረሻ እኔን አገኘ። ስለዚህ ምርጫ ለማመስገን፣ በዚያውም ጥቂት ቅሬታዎቼን በቁጥር ለማቅረብ ይህን በጋዜጣ ጻፍኩ። በቢሮዎ በኩል ያላቀረብኩት ለእርስዎ ካለኝ አክብሮት የተነሣ ነው፤ ቢሮዎ የገባ ደብዳቤ ዕረፍት እንጂ መልስ ሲያገኝ አይቼ አላውቅም።

አንደኛ፤ የድራማው ቀረጻ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ክቡርነትዎ የእኩልነት ኮሚቴ እንዲቋቋም አዘዙ። ሊቀመንበሩ «ከበድ ያለ ሰው» ይሁን ተባለ፤ ክብደት ደግሞ በጣቢያችን ልማድ ከወንድ ሌላ ዘንድ ስለማይገኝ ዕጣው በእኔ ላይ ወደቀ። ምክትሌም ወንድ፣ ጸሐፊያችንም ወንድ ነበሩ። አባል ሆነው የተመዘገቡት ሁለት ሴቶች ሥራ በዝቶባቸው አንድም ቀን በስብሰባ መገኘት አልቻሉም፤ ሥራ የበዛባቸውም እኛ ስብሰባ ላይ ስለነበርን ነው። ይህን የመሰለ የተሟላ አደረጃጀት ስለፈጠሩልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

በዚያ ኮሚቴ ስም ያልገባሁበት አዳራሽ የለም። ምንጣፉ እግር የሚውጥ፣ ወንበሩ እንቅልፍ የሚጋብዝ፣ አየሩ ደግሞ ካፖርት የሚያስለብስ ነበር። ሥልጠናው ሴቶች በፊልምና በቴሌቪዥን ሥራ ስላላቸው ድርሻ ሲሆን፣ አሠልጣኙ ባለቀለም ወረቀት ያድለንና ሴቶች ወደ ፊት እንዳይመጡ የሚያግዷቸውን እንቅፋቶች ጽፈን ግድግዳ ላይ እንድንለጥፍ ያዘን ነበር። እኔ ሰው በሚቀናበት የእጅ ጽሑፌ «የአመለካከት ችግር» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ፤ ተጨበጨበልኝ፤ ምሳዬን በላሁ። በዚያ ወረቀት ላይ የገዛ ስሜን ብጽፍ ይበልጥ ትክክል እንደሚሆን ያን ጊዜ አልታየኝም። ቅሬታዬ ሥልጠናው በመሰጠቱ አይደለም። እኔ እዚያ ተቀምጬ ሴቶች ሥራ ስለማጣታቸው ስሠለጥን የእኔን ሥራ አንዲት ሴት እየሠራችልኝ መሆኑን ሁላችንም እያወቅን፣ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ሳቅ ሳያመልጠው መቅረቱ ነው።

በዚሁ አንቀጽ ሥር ሪፖርቱን ሳላነሣ ባልፍ ደግ አይሆንም። በመድረክ ላይ ቆመው በድራማ ክፍላችን የሴቶች ተሳትፎ ከግማሽ በላይ መድረሱን ሲያበሥሩ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሪፖርቱን ያዘጋጀሁት እኔ ስለሆንኩ ከግማሽ በላይ እንዴት እንደደረስን ላስረዳዎ፤ የሜካፕ ባለሙያዎቹን ቆጠርኩ፣ አልባሳት ክፍልን ቆጠርኩ፣ ሻይ የምታፈላልንን ቆጠርኩ፣ ጽዳቶቹን ቆጠርኩ፣ አሁንም ጥቂት ሲጎድል በድራማው ውስጥ ፎቶግራፏ ብቻ ግድግዳ ላይ የሚታየውን የሟች እናት ገጸ ባሕርይ ጨመርኩ። እሷም በበኩሏ ለእኩልነት ድርሻዋን ተወጥታለች።

ሁለተኛ፤ ሥራዬን ስለሠራችልኝ ሴት ነው። በወረቀት ረዳት ዳይሬክተር ናት። የቀረጻው ሰዎች እኔ በሌለሁበት «ዋናዋ» ይሏታል፤ መኪናዬ በጋራዡ በር ስትገባ ወዲያው «እሷ» ትሆናለች። ድራማው የተቀረጸው በእውነተኛ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ወለሉ በዘይት የሚያንሸራትት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሁሉም ሥራ አቁሞ ሰማይ ሰማይ የሚያይበት ቤት ነው። እዚያ ውስጥ የጆሮ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ካሜራው የት ቆሞ ማንን እንደሚያይ፣ ተዋናዩ የቱን ቃል ጮክ ብሎ የቱን ውጦ እንደሚናገር የምትወስነው እሷ ነበረች። እኔ ባለታሪኳ በየክፍሉ እንድታለቅስ አዝዤ ነበር፤ ተመልካች እንባ ይወዳል ብዬ። እሷ «እሺ ጋሼ» ትለኝና ተዋናይቷን ለብቻዋ ወስዳ እንባዋን እንድትይዝ ትነግራታለች፤ ያቺ ጋራዥ የምትመራ ሴት በመጨረሻው ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ስታለቅስ ጎረቤቴ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ በረንዳ ላይ ሲቆም አይቻለሁ። እኔ ከአዳራሹ የምመለሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነበር፤ ሞኒተሩ ፊት ወንበር ይሳብልኛል፣ አንድ ትዕይንት አይቼ «ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ» እላለሁ። ሥራዬ ይኸው ነበር፤ የደከመኝ ቀን «ቀጥሉ» የሚለውን አስቀረው ነበር።

መካኒኩን ሆኖ የሚጫወተውን፣ ሁላችንም «አባባ» የምንለውን አንጋፋ ተዋናይ ያስታውሱታል። ዕድሜ ተጭኖት ቃለ ተውኔቱን መያዝ ሲያቅተው እርስዎና እኔ በሌላ ሰው እንዲተካ ተስማምተን ነበር። እሷ ግን እንቢ ሳትል እንቢ አለች፤ ሽማግሌውን ከአውቶቡሱ ሥር አጋደመችው፣ የሚናገረውን በትልልቅ ፊደል አስጽፋ ከፊቱ በላይ ካለው ብረት ላይ ለጠፈችለት፣ ካሜራውን ወለል ላይ አስቀምጣ ጫማውንና እጁን ብቻ ቀረጸች። ድምፁ ከአውቶቡሱ ሥር ሲመጣ ያላለቀሰ የለም። ስለ እነዚያ ትዕይንቶች በሬዲዮ ስጠየቅ እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ የሰውን ፊት በመደበቅ ብቸኝነቱን ለማጉላት የወሰድኩት ደፋር የጥበብ ውሳኔ መሆኑን በሰፊው አብራራሁ። አባባ ፕሮግራሙን አዳምጦ ኖሮ በማግስቱ ሲያገኘኝ «ልጄ፣ እኔ እዚያ ሥር የገባሁት ስለምረሳ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ብቸኛ ሆኜ ነው» አለኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚሉት ተረት አልሠራልኝም ክቡር ሆይ፤ እኔን ዓመቱን ሙሉ አድምቆኛል።

ሦስተኛው አጭርና የሙያ ጉዳይ ነው። አንድ ትዕይንት ሊቀረጽ ሲል የዳይሬክተሩ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ በካሜራው ፊት ይመታል፤ ከዚያ ዳይሬክተሩ «ጀምሩ» ይላል፣ ሲበቃውም «ቁሙ» ይላል። የአርትዖት ባለሙያው ሥራ ሲጀምር ከሁሉ በፊት ቆርጦ የሚጥለው ይህንን ድምፅ ነው፤ ተመልካች ሊሰማው አይገባምና። በእኛ ድራማ ጥሬ ቅጂ ውስጥ ሰሌዳው ላይ የሚታየው የእኔ ስም ነው፤ ከሰሌዳው ኋላ የሚሰማው ግን ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው የሴት ድምፅ ነው። ክቡርነትዎ «ማስረጃ አለ ወይ» ማለትዎ ስለማይቀር፣ ጥሬ ቅጂው ከቢሮዎ ሥር ባለው ክፍል፣ መደርደሪያ ላይ እንደሚገኝ በትሕትና እጠቁማለሁ። የአርትዖት ባለሙያችን ያንን ድምፅ ሲቆርጥ የከረመው ሥራው ስለሆነ ነው፤ ዝም እንድል ግን እኔን ማንም አልቀጠረኝም።

አራተኛ፤ ስለ ሽልማቱ ሥነ ሥርዓት። አዳራሹ አምሮ ነበር፤ ከመድረኩ ጀርባ በተሰቀለው ባነር ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ ይስቁ ነበር፣ ከፊት ረድፍ የተቀመጥነው ወንዶችም እንዲሁ። ዋንጫውን በትሪ እንድታቀርብ የተቀጠረችው ልጅ መንገድ ተዘግቶባት ዘገየች። አስተባባሪው ዙሪያውን ሲቃኝ ከኋላ ረድፍ ደህና የለበሰች አንዲት ሴት አየና «እህቴ እባክሽ፣ ላንድ አፍታ» ብሎ ትሪውን አስያዛት። ያቺ ሴት ዋናዋ ነበረች። ክንዷን ወደ ላይ የዘረጋች የነሐስ ሴት የቆመችበትን ትሪ ይዛ ደረጃውን ወጣች፤ እሷ በሠራችው ሥራ ለእኔ የተሰጠኝን ዋንጫም በገዛ እጇ አስረከበችኝ። የመድረክ መሪው «ለሴቶች መንገድ በመልቀቅ ፈር ቀዳጅ የሆነ» ብሎ ሲያነብልኝ ፊቴን ወዴት እንደማዞር ጠፍቶኝ ቆምኩ፤ መቼም እንደዚያ ቀን እውነት ተነግሮልኝ አያውቅም፣ መንገዱን በርግጥ ለቅቄ አዳራሽ ለአዳራሽ ስዞር ነበርና። ይህን ጊዜ እሷ ከእኔ ሌላ ማንም እንዳይሰማ አድርጋ «ጋሼ፣ ካሜራው በግራዎ ነው፤ ትንሽ ፈገግ ይበሉ» አለችኝ። ወደ ግራ ዞርኩ፤ ፈገግ አልኩ። በጋዜጣ ወጥቶ ወዳጆቼ ሁሉ ያደነቁልኝ ፎቶግራፍ ያ ነው።

ዋንጫውን ይዤ ቤት ስገባ ባለቤቴ አገላብጣ አየችውና «ለልጅቷስ ምን ሰጧት?» አለችኝ። የተሳትፎ ሰርተፍኬትና የጣቢያው ዓርማ ያለበት ጃንጥላ እንደተሰጣት ነገርኳት። ዋንጫውን ወስዳ ወጥ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ እጀታው ከተሰበረው መጥበሻ ጎን አስቀመጠችው። እራት ላይ «ጨው አቀብለኝ» አለችኝ፤ እኔም ጨዉን አቀበልኩ።

አምስተኛው ቅሬታ በክቡርነትዎ ላይ አይደለም፤ ከዚህ በታች ያለውን በተዝናና መንፈስ ሊያነቡት ይችላሉ። የድራማውን ቀጣይ ምዕራፍ ማን ዳይሬክት ያድርግ የሚለውን ለመወሰን በእርስዎ ሰብሳቢነት በተቀመጥን ጊዜ የአልባሳት ክፍል ኃላፊዋ የዋናዋን ስም አነሣች። እርስዎ በተለመደ ደግነትዎ፣ ልጅቷ ትጉህ መሆኗን እንደሰሙ ገልጸው፣ ነገር ግን ዳይሬክት የማድረግ ልምድ እንደሌላት አስታወሱን። በመዝገቡ ልክ ነዎት፤ ልምዷ ሁሉ በእኔ ስም ነው የተመዘገበው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና የእኩልነት ኮሚቴው ሊቀመንበር እንደመሆኔ የምለው ካለ ጠየቁኝ።

የምለው ነበረኝ፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ድራማውን የሠራችው እሷ ናት ብል አንተስ ምን ትሠራ ነበር ልባል ነው። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ከዚህ በኋላ ሌላ ድራማ የሚሰጠኝ እንደሌለም አውቃለሁ፣ በስሜ መጠራትም ለምዶብኛል፤ ፈራሁ። ስለዚህ ጉሮሮዬን ጠርጌ «በጣም ጎበዝ ልጅ ናት፤ ታዛዥ ናት፤ ለወደፊቱ ተስፋ የሚጣልባት ናት» አልኩ። ክቡር ሆይ፣ ብሰድባት እንኳ አንድ ሰው ተነሥቶ ይሟገትላት ነበር። አሞገስኳትና ነገሩ አለቀ። ሁላችሁም ራሳችሁን ነቀነቃችሁ፣ ጸሐፊው «ለወደፊቱ» የሚለውን ቃል አሳምሮ ጻፈ፣ ቀጣዩም ምዕራፍ በእኔ ዳይሬክተርነትና «ሽልማት ባስገኘው ቅንጅት» በእሷ ረዳትነት እንዲሠራ ተወሰነ። የአልባሳት ኃላፊዋ ዐይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል ተቀምጣ ነበር፤ እኔ የጠረጴዛውን ጨርቅ ሳይ ቆየሁ። አባቶቻችን «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብለው በቃል ብቻ ትተውት የሄዱትን እኛ በቃለ ጉባኤ አጸደቅነው፤ ያጸደቅነውም በእኩልነት ኮሚቴው ሊቀመንበር ምስክርነት ነው።

ውሳኔውን ለዋናዋ የነገርኳት እኔው ነኝ፤ ጋራዡ ውስጥ፣ ሰዎቹ የቀረውን ዕቃችንን ሊያወጡ ኬብል እየጠቀለሉ ሳለ። እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ከዚያ የመነጋገሪያ ሬዲዮዋን ከወገቧ ፈትታ ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ አስረከበችና «ጋሼ፣ እኔ በእርስዎ አልቀየምም፤ ብዙ ነገር አስተምረውኛል። ከእንግዲህ ግን በሰው ስም አልሠራም» አለችኝ። ምን እንዳስተማርኳት ለማስታወስ ከዚያን ዕለት ጀምሮ እየሞከርኩ ነው። አሁን የሳሙና ማስታወቂያ የሚሠራ ድርጅት ቦታ ሰጥቷታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ትጀምራለች። የእኔ የሹመት ደብዳቤ ደግሞ በጠረጴዛዎ ላይ ፊርማዎን እየጠበቀ ነው። ከተፈረመ እሷ አረፋ ትቀርጻለች፣ እኔም እሷ ባለታሪኳን ለምን በግራ እጇ በር እንዳስከፈተቻት እንኳ ሳላውቅ ስለ ሴት ልጅ ጥንካሬ ሁለተኛ ምዕራፍ እሠራለሁ።

ይህን ሁሉ ከስብሰባው በኋላ መጻፌ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው መሆኑ አልጠፋኝም። ሆኖም ጅቡ ገና አልሄደም፤ ብዕሩን ይዞ ተቀምጧል፤ ይህን ስል ተረቱን መጥቀሴ እንጂ ክቡርነትዎን ማለቴ አይደለም። ስለዚህ እለምንዎታለሁ። ዋንጫውን በጣቢያው ሾፌር ልኬልዎታለሁ፤ የዘይት ሽታ ካለው የመጥበሻው ነው። በሹመት ደብዳቤው ላይ የእኔ ስም ካለበት ቦታ የእሷ ይግባ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ በድጋሚ ሲተላለፍም «ዳይሬክተር» ከሚለው ቀጥሎ የእሷ ስም ይውጣ። ከእኩልነት ኮሚቴው ሊቀመንበርነት ከዛሬ ጀምሮ ለቅቄያለሁ፤ በቦታዬ ሴት ይሾሙ ብዬ ግን አልመክርም፣ ሴቶቹ ሥራ አለባቸው። እሷ ከተሾመች ረዳቷ ልሁን ለማለት ቃጥቶኝ ነበር፤ የረዳት ዳይሬክተርን ሥራ የሚያሳየኝ ሰው ስለሚያስፈልገኝ አፍሬ ተውኩት።

ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለባነሮችዎ ድምቀትን፣ ለሪፖርቶችዎ ከግማሽ በላይ የሆነ ቁጥርን አዘውትሬ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በበለጠ ኀፍረት እጅ እነሣለሁ።

በስሙ ብዙ የተሠራለት፣
መንገድ በመልቀቅ ፈር ቀዳጅ የተባለው፣
ታዛዥ ዳይሬክተርዎ

ግልባጭ፦
ለአርትዖት ክፍል፤ ጥሬ ቅጂው እንዳይደመሰስ በማሳሰብ።
ለአልባሳት ክፍል ኃላፊዋ፤ ያን ዕለት ስታይኝ ማየቴን በማሳወቅ።

ፊርማ ካረፈበት በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ አንብቦ የድፍረት ሽልማት ሊያዘጋጅልኝ የሚነሣ ሰው ካለ እባክዎ ይከልክሉልኝ፤ ትሪውን የምትይዝልን ሴት ሥራ ለቃለች። ደብዳቤውን ወደ ጋዜጣው ከመላኬ በፊት ፈቃዷን ለመጠየቅ ለእሷ አሳይቻት ነበር። እስከ ታች አነበበችውና ወረቀቱን አጥፋ እየመለሰችልኝ «ይላኩት ጋሼ። ግን ያን ዕለት ስብሰባው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር» አለችኝ። እኔም ይኸው እንዲህ ከነርዝመቱ ላክኩት።